ከሰማይ የመጣው መስመር

እትዬ ሃሎ ሰው አያምኑም ነበር። ይህን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ራሳቸውም አይክዱትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። በራቸውን ይቆልፋሉ፣ ሦስት እርምጃ ሄደው ይመለሱና መቆለፉን ገፋ አድርገው ያረጋግጣሉ። ዳቦ ሲገዙ በመዳፋቸው መዘን እያደረጉ የጋጋሪውን ዓይን ዓይኑን ያያሉ። መልካም ዜና ያመጣላቸውን ሰው እንኳ «ማን ነገረህ?» ሳይሉ አይለቁትም፤ «ለእሱስ ማን ነገረው?» ደግሞ ይከተላል።

ቅጽል ስማቸው የወጣው ከሥራቸው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የመንደሩ ስልከኛ ነበሩ። ያን ጊዜ ስልክ በኪስ የሚያዝ ነገር አልነበረም። በፖስታ ቤቱ ጓዳ አንድ ግድግዳ የሞላ፣ አርባ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሰሌዳ ነበር። ደዋዩ እቤቱ ሆኖ እጀታውን ሲያዞር ከቀዳዳው በላይ ያለችው ትንሽ ክዳን ቀጭ ብላ ትወድቃለች፤ እሳቸው ገመዱን ይሰኩና «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝ?» ይላሉ። መስመሩ ሲደክም መሃል ገብተው የአንዱን ቃል ለሌላው ያቀብላሉ። ከሩቅ የሚመጣ መልእክትንም በእርሳስ ይገለብጣሉ፤ እጃቸው ከተናጋሪው አፍ እኩል ይሮጥ ነበር።

መሃል የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሳይፈልግም ይሰማል። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ምን እንዳመመው፣ የማን ልጅ ከተማ ገብቶ የት እንደጠፋ፣ ሁሉን ሰሙ። «ሆድ ይፍጀው» እያሉም ዋጡት። አንድ ቀን ብቻ ሆዳቸው አልፈጀውም።

የመንደሩ ሰዓት ሠሪ ሊያገባ ሽር ጉድ ሲል የከተማው ሐኪም ደወለለት። ሳንባው ታሟል፤ ሕክምናው ረጅም ነው። እትዬ ሃሎ ያን ጊዜ ገና ልጅ እግር ነበሩ። የሰሙት ነገር ከበዳቸውና ለታናሽ እህታቸው «ላንቺ ብቻ ነው» ብለው ነገሯት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ሳምንት ሳይሞላ የሙሽራዋ ቤተሰቦች ሰሙ፤ ጋብቻው ፈረሰ። ሰዓት ሠሪው ሱቁን ዘግቶ ከአገር ወጣ፤ የት እንደገባም የሚያውቅ የለም። እሳቸውን ፊት ለፊት የከሰሰ ሰው አልነበረም። ግን ከዚያ በኋላ ሰው ስልክ ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። እትዬ ሃሎም ከዚያ በኋላ ሰው ማመን ተዉ። የተከዳ ሰው ይጠረጥራል፤ የከዳ ሰው ግን ከእሱ ይብሳል።

ዘመን ተለወጠ፤ ሰሌዳው ተነቅሎ ወጣ፤ እሳቸውም ጡረታ ወጡ። በየኪሱ የሚያዘው ስልክ መጣ፤ መንደሩ ግን በሁለት ኮረብታ መሃል የተቀመጠ ጎድጓዳ ነውና ኔትወርክ አይደርሰውም። ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ የውኃው ታንከር ያለበት ጉብታ ላይ ይወጣል። ዘመድ የሞተበትም፣ ልጅ የተወለደለትም እዚያው ነፋሱ ላይ ቆሞ ይጮኻል። እትዬ ሃሎ ይህን ሲያዩ «እኔን ሲሸሹ ይኸው አደባባይ ላይ ወጡ» እያሉ ይስቁ ነበር።

የታናሽ እህታቸው ልጅ አናጢ ነው። የእንጨት ሥራው ከእሳቸው ቤት ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱ ብቻ ይለያቸዋል። በር፣ አልጋ፣ ወንበር ይሠራል፤ እጁ የተባረከ ነው። የከተማ ደንበኞች ግን «የሠራኸውን በፎቶ አሳየን፣ ልኩን ጻፍልን» ይሉታል፤ እሱ ጉብታው ላይ ወጥቶ ፎቶው እስኪሄድ ሲጠብቅ ቀኑ ይመሽበታል። በመጨረሻ ለገጠር ቤቶችና ሱቆች በሳተላይት ኢንተርኔት የሚያስገባ ድርጅት እንዳለ ሰማና አመለከተ።

የድርጅቱ መኪና ረፋድ ላይ መጣች። ወገቡን በመፍቻና በብሎን የተሞላ ቀበቶ የታጠቀ ሎጋ ገጣጣሚ ወረደ፤ መሰላል አቁሞ ቆርቆሮው ላይ ወጣና አንድ ነጭ ሳህን ወደ ሰማይ አዘንብሎ አሰረ። እትዬ ሃሎ ወንበራቸውን ወደ በረንዳው አወጡ። ትንሽ ተመለከቱና ወንበሩን ትተው መንገዱን ተሻገሩ።

«ልጄ፣ በዚህ ሳህን ምን ይበላበታል?» አሉት።

«ኢንተርኔት ነው እማማ» አለ ገጣጣሚው ከላይ ሆኖ። «ከሰማይ የሚመጣ።»

«ከሰማይ የሚመጣስ ዝናብ አውቃለሁ። ገመዱ የታለ?»

«እስከ ክፍሉ ድረስ አንዲት ገመድ አለችው። ከዚያ ወዲያ ገመድ የለም። ከደመናው በላይ ሳተላይቶች ይዞራሉ፤ ሳህኑ ወደ እነሱ ይልካል፣ እነሱ ትልቁ ጣቢያ ላይ ያወርዱታል፣ ከዚያ ወደፈለጉት አገር ይሄዳል።»

«ትልቁ ጣቢያ ላይ ማን ይቀመጣል?»

«ማንም። ማሽን ነው።»

«ማሽኑንስ ማን ይጠብቀዋል?»

ገጣጣሚው ሳቀ። «ቢጠብቅም ምንም አይሰማም እማማ። የሚላከው ሁሉ ተቆልፎ ነው የሚሄደው፤ እኛ እንኳ ልክፈተው ብንል አንችልም።»

«ቁልፉን የሠራው ሰው ትርፍ ቁልፍ ለራሱ ሳያስቀር? እኔ ሃያ ስድስት ዓመት መሃል ላይ ተቀምጬ ኖሬያለሁ ልጄ። መሃሉ ላይ ሰው የሌለበት መስመር አይቼ አላውቅም።»

ገጣጣሚው ሥራውን ጨርሶ ሲወርድ ስልኩን አወጣና ጣሪያውን ፎቶ አነሳ፤ ዞር ብሎም ወዲያ ማዶ ያሉትን ጣሪያዎች ጨምሮ አነሳ። «የእኔን ቆርቆሮ ምን ያደርግልሃል?» አሉት። «ለድርጅቱ ነው፤ አካባቢውን ማሳየት አለብኝ» አለ። እትዬ ሃሎ ቤታቸው ገብተው የመኪናዋን ታርጋ ቁጥር ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ ጻፉ፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ከሥሩ።

አናጢው ሆደ ቡቡ ሰው ነው። ጎረቤቱ ጉብታ ላይ ሲንከራተት እሱ ብቻውን ሊጠቀም አልሆነለትም። ከሥራ ቤቱ ጫፍ ላይ አንድ ጥግ በስስ ጣውላ ከለለ፤ ጠረጴዛ፣ ወንበርና በር አደረገላት፤ «የመነጋገሪያ ክፍል» አላት። የቻለ ይከፍላል፤ ያልቻለ መርቆት ይሄዳል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለተሰበረው ሞተሩ መለዋወጫውን በምስል አይቶ አዘዘ። ሦስት ዓመት ልጇን ያላየች እናት ፊቱን አይታ አልቅሳ ወጣች። እትዬ ሃሎ ጥቅሙን አልካዱም። ግን እግራቸውን እዚያች ክፍል አላስገቡም። ከተማ ለሚኖረው ወንድማቸው እንደ ድሮው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ከበረንዳቸው ሆነው ሳህኑን እንደተኛ የሰው ውሻ በዓይነ ቁራኛ ይጠብቁታል።

ሁለት ወር ሳይሞላ የፈሩት መጣ። መጀመሪያ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ወፍጮውን ሸጦ ሊሄድ ማሰቡ መንደሩ ውስጥ ተወራ። ሰውዬው ይህን የተናገረው ለወንድሙ ብቻ ነው፤ የተናገረውም እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ቀጥሎ የአንዲት እናትና የልጇ ጠብ ወጣ። ከዚያ የመምህርቷ መጣ።

መምህርቷ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ቁጥብ ሴት ናት። ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ነበር። ለማንም አልተነፈሰችም፤ ወደ መነጋገሪያ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘግታ ሩቅ ካለች ሐኪም ጋር በቪዲዮ ተነጋገረች። ሰኞ ማለዳ ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቻቸውን ያደረሱ እናቶች ፊቷን ሳይሆን ደረቷን አዩ። አንዷም እጇን ጨበጥ አድርጋ «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» አለቻት። መምህርቷ ያን ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን ራሷ ማንበብ አቃታት።

መንደሩ ተናወጠ። «ሰማዩ ወሬኛ ሆነ» የሚል ወጣ፤ ማን እንደሆነ ያልታወቀም ሰው ሳህኑ ላይ ድንጋይ ወረወረ። ድንጋዩ ቆርቆሮውን ቀዶ ቀረ። ከዚያ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንዱ፣ «ሳህኑን ለምን ትወቅሱታላችሁ? ጆሮ መጥባት የለመደች ሴት ፊት ለፊቱ ወንበር ዘርግታ ተቀምጣ እያለች!» አለ። ነገሩ ለሁሉም ተስማማው። ሰማይን ከመጠርጠር ጎረቤትን መጠርጠር ይቀላል።

እትዬ ሃሎ ይህን የሰሙት ከማንም አይደለም፤ ከዝምታው ነው። ዳቦ ሊገዙ ሲገቡ ወሬው እንደ ተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። ቤታቸው ሲደርሱም መምህርቷን በራቸው ላይ ቆማ አገኟት።

«አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለች። «ሰምተው ነው?»

«ግቢና ተቀመጪ ልጄ።»

«አልቀመጥም። ሰምተው ነው ወይስ አልሰሙም?»

«አልሰማሁም። እዚያ ክፍል እግሬ ገብቶ አያውቅም።»

«መግባት አያስፈልግዎትም ይላሉ። እርስዎ ከውጭ ሆነው መስማት የሚያውቁበት ነዎት ይላሉ። ድሮም አንድ ሰው ከአገር አስወጥተዋል ይላሉ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ፊታቸው ላይ ያልተናገረውን ነገር፣ ያኔ ያልተወለደች ሴት ተናገረችው። «የድሮው እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ። «የአሁኑ ግን የእኔ አይደለም።»

«የድሮው እውነት ከሆነ የአሁኑን ለምን ልመን?» አለች መምህርቷ፤ መልስ ሳትጠብቅም ሄደች።

ያን ዕለት እትዬ ሃሎ አላለቀሱም፤ ደማቸው ፈላ እንጂ። ስልከኛ ሳሉ መስመር ሲበላሽ ማልቀስ አያውቁም፤ ከየት እንደተበላሸ እስኪያገኙ ቁራጭ በቁራጭ መፈተሽ ነበር ልማዳቸው። አሁንም አሰቡ። ወሬው የሚወጣው ወይ ከሰማዩ ነው፣ ወይ ከአናጢው ነው፣ ወይ ከክፍሏ። አንድ በአንድ ይፈተሻል።

በማግስቱ አናጢውን ጠሩት።

«ለወንድሜ መልእክት ጻፍልኝ። በአፍ አይደለም፤ በጽሑፍ። ቤቴን ልሸጥ ነው በለው።»

አናጢው መጥረቢያው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «አክስቴ! ቤትሽን? ምን ሆነሽ?»

«ጻፍ ብያለሁ። ለማንም እንዳትናገር። ለሚስትህም፣ ለእናትህም።»

ጻፈ። እትዬ ሃሎ አንድ ሳምንት ጠበቁ። ዳቦ ቤቱም ጋ፣ ወፍጮ ቤቱም ጋ፣ የውኃ ቧንቧውም ጋ ስለ ቤታቸው አንድ ቃል የተነፈሰ የለም። አናጢው ግን ፊቱ ጠቆረ፤ በየጠዋቱ በረንዳቸው ላይ ብቅ እያለ «ደህና አደርሽ?» ይላቸዋል፤ ሌላ ሊጠይቅ አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። ምስጢሩን እንደ ትኩስ ፍም ይዞት ሰነበተ። በዚህ ሁለት ነገር አወቁ፤ ሳህኑ አላወራም፤ የእህታቸው ልጅም አላወራም። ለእሱ ልባቸው ራራ። ለሳህኑ ግን «ለአሁኑ» ብለው ተዉት።

የቀረችው ክፍሏ ናት። በስምንተኛው ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው መንገዱን ተሻገሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ገቡ። አናጢው ስልኩን ከፍቶ አስተካከለላቸውና በሩን ዘግቶ ወጣ። የጣውላ ሽታ አለው። ከጀርባቸው፣ ከስሱ ግድግዳ ማዶ፣ ሽር ሽር የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልስ ሰው አለ።

የወንድማቸው ፊት የስልኩ መስታወት ላይ ብቅ አለ። «እንዴ! እታለም! አንቺ ነሽ? በዚህ ነገር? ዓለም አለቀ ማለት ነው!»

«አላለቀም። ስማኝ፤ የምነግርህ ነገር አለ።»

ይህን እንዳሉ ሽር ሽሩ ቆመ።

ዝምታው ሰው ሥራ ሲያቆም የሚኖረው ዝምታ አልነበረም። ያን ዝምታ ከሁሉ በላይ ያውቁታል፤ በድሮው መስመር ላይ ሦስተኛ ሰው ስልክ አንስቶ ትንፋሹን ሲይዝ የሚሰማው ዓይነት ነው። ከግድግዳው ማዶ ያለውን ክፍልም ያውቃሉ። ዕቃ ቤቱ ነው። እዚያ ተቀምጣ እንጨት የምታለሰልሰውም አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ልባቸው «ተይው፣ ተነስተሽ ውጪ» አላቸው። ግን ፈተናው መጨረስ አለበት።

«ባል ላገባ ነው» አሉ ጥርት ባለ ድምፅ።

ወንድማቸው ዓይኑ ፈጠጠ። «ምን አልሽ?»

«ባል። አንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር።»

«በዚህ ዕድሜሽ? እታለም፣ ትኩሳት አለሽ?»

«ትኩሳት የለኝም። ለማንም እንዳትናገር» ብለው ሰነባበቱት። ከሦስት ቀን በኋላ የቤቱንም የባሉንም ውሸት የሚያስረዳ ደብዳቤ ሊጽፉለት ግድ ሆነ፤ ምስኪኑ ሰውዬ ግን ደብዳቤው ሳይደርሰው ለሠርጉ ፈቃድ ጠይቆ ነበር አሉ።

እትዬ ሃሎ ወሬው ባይመጣ ብለው ተመኙ። በሕይወታቸው ጥርጣሬያቸው ሐሰት እንዲሆን የተመኙት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አልሆነም። በሁለተኛው ቀን ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን እያቀበለ ፈገግ አለ፤ «እንኳን ደስ አለዎት እትዬ። ሾፌሩ የወርቅ ጥርስ አለው አሉ» አላቸው። የወርቅ ጥርሱን እሳቸው አልተናገሩም። ወሬው በመንገድ ላይ ጥርስ አብቅሏል።

ከዳቦ ቤቱ በቀጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ። ታናሽ እህታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ላይ የወንበር እግር፣ ፀጉሯ ላይ የእንጨት ብናኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው።

«ለባሌ የወርቅ ጥርስ ያስገባሽለት አንቺ ነሽ?» አሏት።

እህታቸው ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ፊታቸውን አየችና ሳቋ ጠፋ። «እኔ... ሰው ሲያወራ ሰምቼ...»

«ሰው አላወራም። እኔ ነኝ ያወራሁት። ባልም የለም፣ ሾፌርም የለም።»

የብርጭቆ ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ። «ግድግዳው ስስ ነው» አለች። «እኔ ምን ላድርግ? ጆሮዬን ቆርጬ ልጣለው?»

«ጆሮሽን ማን ከሰሰ? ምላስሽን እንጂ! ያቺ ልጅ በሽታዋን ለሐኪም ስትናገር አንቺ ምን አገባሽ?»

«አንቺም ነግረሽኛል!» ብላ ጮኸች እህታቸው በድንገት። «የሰዓት ሠሪውን ማን ነገረኝ? ሠላሳ ዓመት እኔ ብቻ ነኝ ወሬኛዋ፤ አንቺ ግን እንደ ቅድስት ዝም ብለሽ ተቀመጥሽ! ደግሞም ...» ድምፏ ተሰበረ። «ደግሞም ወሬ ከሌለኝ ማን አጠገቤ ይቀመጣል? ልጄ ከእንጨቱ ጋር ይውላል። ሚስቱ ትታገሠኛለች እንጂ አትፈልገኝም። ቧንቧው ጋ ስሄድ ‹ሰማችሁ?› ስል ነው ሰው ዞር ብሎ የሚያየኝ። አንቺስ መንገድ ተሻግረሽ መጥተሽ አጫውተሽኝ ታውቂያለሽ?»

እውነት ነው፤ ከሰዓት ሠሪው ነገር ወዲህ ከእህታቸው ጋር ሰላምታ እንጂ ጨዋታ አልነበራቸውም። ራሳቸውን መጥላት ስላልቻሉ እሷን ጠሉ። የሌላ ወንበር እግር አንስተው ከጎኗ ካለው ጣውላ ላይ ቁጭ አሉ።

ለአናጢው የነገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ግድግዳህ ድምፅ ያሳልፋል» አሉት። አናጢው ግድግዳውን አየ፤ ከማዶው ያለችውን በርጩማ አየ፤ መጋዙን አነሳ። ክፍሏን ከዕቃ ቤቱ አራቀና በሥራ ቤቱ ሌላ ጫፍ በድርብ ጣውላ ሠራት፤ በሁለቱ ጣውላዎች መሃል ያለውን ክፍተት በሰጋቱራ ጠቀጠቀው። የሳህኑን ቦታ ሊለውጥ የመጣው ያው ገጣጣሚ ሲደርስ እትዬ ሃሎ ታርጋውን ከቀን መቁጠሪያው ጋር አመሳከሩ፤ ልክ ነበር፤ እሱንም አልወደዱለትም።

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። መምህርቷ በረንዳው ላይ የደብተር ክምር ፊት ተቀምጣ ታርማለች፤ ቀና አላለችም።

«ወሬው ከቤታችን ነው የወጣው» አሏት እትዬ ሃሎ ቆመው። «ከእኔ አፍ አይደለም። ግን ከቤታችን ነው። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ማን ነው?»

«እሱን አልነግርሽም።»

«እንግዲያው እርስዎ ነዎት እላለሁ።»

«በዪ። በአንድ ወሬ የሁለት ሰው ስም ከሚጠፋ የአንዱ ቢጠፋ ይሻላል። የእኔ ስም እንደሆነ ቀድሞም የጠፋ ነው።»

መምህርቷ ብዕሯን አስቀመጠች። «እና እንዲህ ብለውኝ ልመንዎት?»

«አትመኚኝ» አሉ እትዬ ሃሎ። «እኔም ማንንም አላምንም። አዲሱን ግድግዳ ግን ሄደሽ አንኳኪው። ሰው ከማዶ አቁሚና ጮኸሽ አንብቢ። ከሰማ አትግቢበት።»

መምህርቷ በእርግጥም አደረገችው። አንድ የሥራ ባልደረባዋን ከውጭ አቁማ ከመማሪያ መጽሐፍ አንድ ሙሉ ገጽ በጩኸት አነበበች። ሰውዬው «ገና አልጀመርሽም እንዴ?» አለ።

መንደሩ ግን እትዬ ሃሎን አልማራቸውም። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ወሬው አሁንም ይቆረጣል። እህታቸውም ለማንም አልተናዘዘችም፤ ደፋር ሴት አልነበረችም። ለውጥ ከተባለ አንድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሃሎ መንገዱን እየተሻገሩ በዕቃ ቤቱ እንጨት ማለስለስ ጀመሩ። ሁለቱ እህትማማቾች ይጨቃጨቃሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ በማግስቱ ያው ናቸው። ለእህታቸው የሚነግሩት ግን የሞቱ ሰዎችን ወሬ ብቻ ነበር፤ «እሱን ብታወሪው ማንም አይከስሽም» ይሏታል።

ወር አልፎት መምህርቷ ሳታንኳኳ በረንዳቸው ላይ ቆመች። ከተማ ሄዳ ከእብጠቱ ናሙና ሰጥታ መጥታለች፤ ዛሬ ሐኪሟ ውጤቱን በቪዲዮ ልትነግራት ነው።

«እጅዎ ፈጣን ነው ይላሉ» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ። «ሐኪሟ ቶሎ ቶሎ ነው የምታወራው። እኔ ያን ጊዜ ምን እንደምሰማ አላውቅም። የምትለውን ሁሉ ሊጽፍልኝ የሚችል ሰው እፈልጋለሁ።»

«ከዚህ ሁሉ ሰው እኔን?»

«አምኜዎት አይደለም። ስሙን እንዳልነገሩኝ አልረሳሁም። ግን ሌላ የሚጽፍ ሰው የለም።»

«እንዲህ ከሆነ እመጣለሁ» አሉ እትዬ ሃሎ። አምኜዎት ነው ብትላቸው ኖሮ ይጠረጥሯት ነበር።

እርሳስ ቀርጸው፣ ደብተር ይዘው ገቡ። ከመቀመጣቸው በፊት ድርቡን ግድግዳ ደጋግመው መቱት፤ ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሰው አዩ፤ በሩን ከፍተው እንደገና ዘጉት። ስልኩ እሳቸውን እንዳያይ ወንበራቸውን ወደ ጥግ አዞሩ። ሐኪሟ መናገር ስትጀምር እጃቸው እንደ ድሮው ሮጠ፤ የመድኃኒቱን ስም፣ የቀጠሮውን ቀን፣ «ገና አልተሰራጨም» የሚለውን ቃል፣ «መቆረጥ ግን አለበት» የሚለውንም። መምህርቷ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። መሃል ላይ አንድ ጊዜ ሳታውቀው የእትዬ ሃሎን ትከሻ ያዘች፤ እሳቸውም መጻፋቸውን ሳያቋርጡ ተዉላት።

ሲጨርሱ አምስት ገጽ ቀድደው ሰጧት። ከሥሩ የቀረው ነጭ ገጽ ላይ የእርሳሱ ጫና ምልክት እንደሚቀር ያውቁ ነበርና እሱንም ቀድደው ጨመሩላት። መምህርቷ ያን ባዶ ወረቀት ትንሽ አየችው፤ ከዚያ አጥፋ ከሌሎቹ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሲመለሱ ዳቦ ሊገዙ ገቡ፤ ጋጋሪው ዳቦውን እያቀበለ ጠየቃቸው። «እትዬ፣ አብረው ገብተው ነበር አሉ። ሐኪሟ ምን አለች?»

«መስመሩ ተቋርጦ ነበር» አሉት፤ ዳቦውን መዘኑና ሄዱ።

መምህርቷ በተቀጠረችበት ቀን ሄዳ ታከመች፤ ከሦስት ወር በኋላም ተመልሳ ክፍሏን ተረከበች። እትዬ ሃሎን መንገድ ላይ ስታገኛቸው ጎንበስ ብላ ሰላም ትላቸዋለች፤ ከዚህ ያለፈ ቅርበት የላቸውም። ወንድማቸው አሁንም አልፎ አልፎ «በዚያ ነገር ደውዪልኝ፣ ፊትሽን ልየው» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ደብዳቤ ይጽፉለታል።